አንጀት የሚያርሰው የበቀል ፊልም ስለምን ያሳፍረናል?

የሌሊት ተመልካች፦

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ለረጅም ጊዜ በልቤ ይዤው የቆየሁትን ጥያቄ ላቅርብ። በኑሮዬ በቀልን አልደግፍም፤ የሞት ቅጣት ይቅር ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲጣሉ ባይ እንኳ መሀል ገብቼ ካላገላገልኩ እግሬ አይነሣልኝም። ይህ ሁሉ ሆኖ ሳለ፣ ቤተሰብ ተኝቶ ብቻዬን ስቀር የምከፍተው ፊልም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ወገኖቹ የተጠቁበት፣ ሕግ ፊቱን ያዞረበት፣ በመጨረሻም ራሱ ከሳሽ፣ ራሱ ዳኛ፣ ራሱ ቀጪ ሆኖ የሚነሣ ሰው ታሪክ። የምናገረውም ስለ ታላላቆቹ ሥራዎች ብቻ አይደለም፤ በጥቂት ገንዘብ ተሠርተው ደምን፣ ዕርቃንንና ድንጋጤን ስለሚቸበችቡት፣ ኤክስፕሎይቴሽን ስለሚባሉት ፊልሞች ጭምር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1974 የወጣውን፣ ቻርልስ ብሮንሰን የተወነበትን «ዴዝ ዊሽ» እንኳ አራት ጊዜ ያህል አይቼዋለሁ። አንድ ሰላማዊ አርክቴክት የሚስቱን ገዳዮች አንድ በአንድ እያደነ ሲጥላቸው ማየት፣ እውነቱን ለመናገር፣ አንጀቴን ያርሰዋል። ባለፈው ሳምንት ግን ከዚያ የባሰ ርካሽ ፊልም እያየሁ ሳለ፣ ወንጀለኛው ተንበርክኮ ምሕረት ሲለምን «እንዳትምረው!» ብዬ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ውኃ ልትጠጣ የተነሣችው እህቴ በሩ ላይ ቆማ ኖሯል። ቴሌቪዥኑን አላየችም፤ የምታየው እኔን ነበር። ከዚያች ሌሊት ወዲህ ድምፁን ቀንሼ ነው የማየው፤ ምክንያቱ እሷን ላለመቀስቀስ እንዳልሆነ ግን አውቀዋለሁ።

እርካታው ከየት ይመጣል? ኀፍረቱስ? «ፊልም እኮ ነው» የሚለውን መልስ ለራሴ ደጋግሜ ሰጥቼዋለሁ፤ አልበቃኝም።

አቀናባሪው፦

ሥራዬ ፊልም ማቀናበር ስለሆነ የማውቀው የነገሩን የውስጥ አሠራር ነው። ቋንቋችን ምሥጢሩን ከሲኒማ በፊት ደርሶበታል፤ የተበቀለን ሰው «ብድሩን መለሰ» እንላለን። የበቀል ፊልም የሒሳብ መዝገብ ነው፤ የመጀመሪያው ሠላሳ ደቂቃ ዕዳው የሚጻፍበት፣ የቀረው ደግሞ የሚወራረድበት። ጥቃቱ ሲፈጸም አጥቂዎቹ ሲስቁ በቅርብ የሚቀረጹት ያለ ምክንያት አይደለም። ሳቁ ለታሪኩ ምንም አይጨምርለትም፤ ነገር ግን እጁ የሚንቀጠቀጥ ወይም ዓይኑን የሚሰብር ወንጀለኛ ዕዳውን ስለሚቀንሰው እንዲህ ያለው ሰው ከታየ ተመልካቹ ማመንታት ይጀምራል። ከአጥቂዎቹ አንዱ የሚናገረው ቃል ወይም በእጁ የሚያገላብጠው ዕቃም ይኖራል፤ ያው ቃል፣ ያው ዕቃ ከአንድ ሰዓት በኋላ በተበቃዩ አፍና እጅ ላይ ተመልሶ ይመጣል፤ እኛም «ይኸው!» እንላለን።

በአንድ ወቅት እንዲህ ያለ ትዕይንት ሳቀናብር የመጨረሻውን ምት በአሥራ ሁለት ፍሬም አዘገየሁት። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም ስለሚሄድ ይህ ግማሽ ሰከንድ ብቻ ነው። በፊት ዝም ብለው ያዩት የነበሩት የሙከራ ተመልካቾች በዚያች ግማሽ ሰከንድ ውስጥ ሳቁ። የተጨመረ ደም አልነበረም፤ የተጨመረው መጠበቅ ብቻ ነበር። ስለዚህ የእርካታው አንዱ ክፍል ልክ እንደ ጥሩ ቀልድ የጊዜ አጣጣል ጉዳይ ነው፤ ለዚህ ማፈር አይገባም።

ዋናው ግን እርግጠኝነቱ ይመስለኛል። በኑሯችን ማን ምን እንዳደረገ በዓይናችን የምናየው ከስንት አንዴ ነው፤ ወሬ እንሰማለን፣ ማስረጃ እንመዝናለን፣ እንጠራጠራለን። እዚህ ግን ካሜራው የዓይን ምስክር አድርጎ አስቀምጦናል፤ ተበቃዩ የተሳሳተ ሰው ይገድላል ብለን አንሰጋም። እርስዎን ያስጮኸዎት የጭካኔ ጥማት ሳይሆን ከጥርጣሬ ነፃ የመሆን ዕረፍት ነው ብል የምሳሳት አይመስለኝም።

የድሮ ፊልም ወዳጅ፦

በመጀመሪያ አንድ ነገር ላርም፤ እርማቱ ለጥያቄዎ መልስ የሚሰጥ ስለሆነ አይቀየሙኝ። በ1974ቱ «ዴዝ ዊሽ» ውስጥ አርክቴክቱ ፖል ከርሲ የሚስቱን ገዳዮች አያድንም። አያገኛቸውም፤ እንዲያውም አይፈልጋቸውም። ሦስቱ ወጣቶች፣ ከመካከላቸው አንዱ ያን ጊዜ ገና ጀማሪ የነበረው ጄፍ ጎልድብለም ነው፣ በፊልሙ መጀመሪያ አካባቢ ከቤቱ ወጥተው ይሄዳሉ፤ ተመልሰው አይታዩም። ከርሲ የሚገድላቸው ሌሎች ዘራፊዎችን ነው፤ ሌሊት በመናፈሻና በባቡር ውስጥ ራሱን ማጥመጃ አድርጎ የሚጠብቃቸውን፣ ስለ ሚስቱ ምንም የማያውቁትን። እ.ኤ.አ. በ2018 ብሩስ ዊሊስ በተወነበት አዲስ ቅጂ ተበቃዩ እውነተኞቹን ወንጀለኞች እንዲያገኛቸው ተደርጓል፤ ምናልባት ሁለቱ ተቀላቅለውብዎት ይሆናል። ነገር ግን ሁለተኛውን ያላዩ ብዙ ሰዎችም የመጀመሪያውን እንደ እርስዎ አድርገው ሲያስታውሱት አጋጥሞኛል።

አቀናባሪው ስለ እርግጠኝነት ያሉት ለብዙዎቹ ፊልሞች ይሠራል፤ የዘውጉ አውራ በሆነው በዚህኛው ላይ ግን መዝገቡ አልተወራረደም። ዕዳው የተጻፈው በአንዱ ስም፣ የተከፈለው በሌላው ነው፤ እኛም ልዩነቱን ሳናስተውል ረክተን ወጣን።

ብራያን ጋርፊልድ በ1972 የጻፈው ልብ ወለድ ይህን ሰው በአድናቆት የሚያይ አልነበረም፤ ቀስ በቀስ የሚበላሽ ሰው ታሪክ ነበር። ፊልሙ ጀግና ስላደረገበት ተከፍቶ በ1975 የራስ ዳኝነትን የሚነቅፍ ተከታይ መጽሐፍ አወጣ። ሲኒማው ግን አልሰማውም፤ እስከ 1994 ድረስ አራት ተከታይ ፊልሞች ተሠሩ። የመጀመሪያውን ፊልም በደንብ ካስተዋሉት ግን የመጽሐፉ ርዝራዥ ይታያል። ከርሲ መጀመሪያ የሚይዘው መሣሪያ ሽጉጥ አይደለም፤ ካልሲ ውስጥ የታጨቀ የሳንቲም ጥቅልል ነው። የመጀመሪያውን ሰው ተኩሶ ከገደለ በኋላም ቤቱ ሮጦ ገብቶ ያስመልሰዋል። በመጨረሻው ትዕይንት ደግሞ ቺካጎ ጣቢያ ላይ ጣቱን እንደ ሽጉጥ ቀስሮ ፈገግ ይላል። ከማስመለሱ እስከ ፈገግታው ያለው መንገድ አስፈሪ መሆን ነበረበት፤ አዳራሹ ግን አጨበጨበ።

የጊዜውንም ሁኔታ ልጨምር። የሆሊዉድ የምግባር ደንብ በዘመናዊው ሕይወት በቀል ተገቢ መስሎ እንዳይቀርብ በግልጽ ይከለክል ነበር፤ ከ1934 ጀምሮ ጠብቆ የተሠራበት ይኸው ደንብ በ1968 በዕድሜ ደረጃ ምደባ ተተካ። በሩ በተከፈተ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይህ ሁሉ ፊልም የጎረፈው በአሜሪካ ከተሞች ወንጀል እየበረታ፣ ሰው በፖሊስና በፍርድ ቤት ላይ ያለው እምነት እየሳሳ በሄደበት ወቅት ነው።

ሰከን በሉ፦

ሰው ቀኑን ሙሉ ተበድሎ፣ በአለቃው ተመናጭቆ ይመጣል፤ ማታ ፊልም አይቶ ንዴቱን ያስተነፍሳል፤ ጠዋት ማንንም ሳይነካ ወደ ሥራው ይሄዳል። አሪስጣጣሊስም ትራጄዲ ስሜትን ያጠራል ብሎ ነበር። ይህን ያህል ራስን መመርመር አያስፈልግም።

ዝምተኛዋ፦

ጉዳዩ ንዴትን ማስተንፈስ ብቻ ቢሆን ኖሮ በቀሉ ብቻውን በበቃን ነበር። እንደማይበቃን በራሴ ላይ አይቼዋለሁ፤ እንዴት እንደሆነ ልንገራችሁ።

እኔ የማየው የተደፈረች ሴት ራሷ የምትበቀልበትን ዓይነት ነው። ሴት ሆኜ እነዚህን ፊልሞች መውደዴ ብዙ ሰው ያስገርማል፤ እኔንም ያስገርመኛል። የጥቃቱን ክፍል ማየት ስለማልችል እያሳለፍኩ ከበቀሉ ለመጀመር ወሰንኩ። እንዲህ አድርጌ ሁለት ፊልሞች አየሁ፤ ሁለቱም ጣዕም አልነበራቸውም። ሴትዮዋ ሰዎችን በየተራ ታጠፋለች፣ እኔም እንደ እንግዳ እመለከታታለሁ። በሦስተኛው ላይ ወደ መጀመሪያው መልሼ የዘለልኩትን ክፍል አየሁትና ከዚያ በቀሉን ደገምኩት። አንጀቴ ራሰ። ያን ሌሊት እንቅልፍ የነሣኝ በቀሉ አልነበረም፤ እርካታዬ ያለ እሷ ስቃይ የማይገኝ መሆኑን ማወቄ ነበር። አቀናባሪው «ዕዳ» ያሉትን እኔ ፈልጌ፣ መልሼ፣ ከፍቼ አስመዘገብኩ ማለት ነው። ኀፍረቱ የሚመጣው ከመጨረሻው ክፍል ነው ብዬ አስብ ነበር፤ ለካ ከመጀመሪያው ነው።

ሮጀር ኢበርት የተባለው የታወቀ ሐያሲ ሜይር ዛርኪ በ1978 የሠራውን «አይ ስፒት ኦን ዮር ግሬቭ» በ1980 ሲገመግም አንድም ኮከብ አልሰጠውም፤ ከፊልሙ እኩል የዘገነነው አብረውት በአዳራሹ የተቀመጡት ሰዎች ጥቃቱን በጩኸት ሲያበረታቱ መስማቱ ነበር። ዛርኪ ግን ፊልሙ የተወለደው ተደፍራ ያገኛትን ወጣት ከረዳና ፖሊስ እንዴት በግዴለሽነት እንዳስተናገዳት ካየ በኋላ መሆኑን ተናግሯል። ካሮል ክሎቨር የተባለች ምሁርም በ1992 ባሳተመችው መጽሐፏ ወንድ ተመልካቾች በእነዚህ ፊልሞች ውስጥ ራሳቸውን የሚያገኙት ከአጥቂው ይልቅ በተጠቂዋ ቦታ ነው ብላ ተከራክራለች። እኔ ሁለቱም እውነት ይመስለኛል፤ አንዱ ፊልም በአንድ አዳራሽ ውስጥ ለአንዱ ተመልካች ቁስል፣ ከጎኑ ለተቀመጠው ደግሞ መደሰቻ ሊሆን ይችላል፤ አሠሪዎቹም ከሁለቱም ትኬት ይቆርጣሉ።

ጠበቃው፦

ንዴት ይወጣልናል ለሚሉት ወንድሜ አንድ ጥናት ላስታውስ። ኬቨን ካርልስሚዝ፣ ቲሞቲ ዊልሰንና ዳንኤል ጊልበርት በ2008 ባወጡት ጥናት ተሳታፊዎች በገንዘብ ጨዋታ ላይ እንዲታለሉ ተደረገ። አታላዩን የመቅጣት ዕድል ያገኙት ሰዎች ዕድሉን ካላገኙት ይልቅ ስሜታቸው የከፋ ሆነ፤ ከቀጡ በኋላ ነገሩን ሲያብሰለስሉት ቆዩና። የቀጡት ግን ባይቀጡ ኖሮ የባሰ ይሰማቸው እንደነበር ያምኑ ነበር። ጥናቱ ስለ ፊልም አይደለም፤ ነገር ግን ፊልሙ ለምን ሁልጊዜ በመጨረሻው ተኩስ ላይ እንደሚያልቅ ፍንጭ ይሰጠኛል። የማግሥቱን ጠዋት ቢያሳየን እርካታው ይበላሽ ነበር።

እርግጠኝነትን በተመለከተ ደግሞ በርናርድ ጌትዝን ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 22 ቀን 1984 በኒው ዮርክ የምድር ውስጥ ባቡር ላይ አራት ወጣቶችን ተኩሶ አቆሰለ፤ አንደኛው ሽባ ሆኖ ቀረ። ጋዜጦች ወዲያው ከብሮንሰን ገጸ ባሕርይ ጋር አመሳሰሉት፤ ብዙ ሰውም አወደሰው። ወጣቶቹ አምስት ዶላር ጠይቀውት ነበር፤ ክርክሩ ሁሉ ይህ ልመና ነበር ወይስ ዝርፊያ በሚለው ላይ ዞረ። በ1987 ከተራ ዜጎች የተውጣጣ የዳኞች ጉባኤ (ጁሪ) ከግድያ ሙከራ ክስ ነፃ አውጥቶ ፈቃድ የሌለው መሣሪያ በመያዝ ብቻ ጥፋተኛ አደረገው፤ በ1996 ደግሞ በፍትሐ ብሔር ክስ ሽባ ለሆነው ሰው 43 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተፈረደበት። ሁለት ጉባኤዎች፣ ሁለት መልሶች። ያ ሠረገላ በፊልም ውስጥ ቢሆን ኖሮ ወጣቱ ገንዘቡን ሲጠይቅ ፊቱ በቅርብ ይቀረጽ ነበር፤ ይስቅም ነበር፤ ጉዳዩ እዚያው ያልቅ ነበር።

የድሮ ፊልም ወዳጅ፦

የማግሥቱን ጠዋት የሚያሳይ ፊልም አለ። ኢንግማር በርግማን በ1960 የሠራው፣ በመካከለኛው ዘመን ስዊድን የሚገኝ አባት የልጁን ገዳዮች የሚበቀልበት፣ «የድንግሊቱ ምንጭ» የተባለው ነው። ዌስ ክሬቨን በ1972 የዚህኑ ታሪክ አጽም ወስዶ የመጋዝ ሞተር እስከሚነሣበት ድረስ የሚሄድ ኤክስፕሎይቴሽን ፊልም ሠርቶበታል። በበርግማን ፊልም አባትዬው ከመግደሉ በፊት ሜዳ ላይ ብቻዋን ከቆመች የበርች ዛፍ ጋር ታግሎ ይጥላታል፤ ትግሉ ረጅምና አድካሚ ነው። ከገዳዮቹ ጋር አንድ ትንሽ ልጅ አለ፤ እጁ የለበትም። ልጁ ሸሽቶ ወደ እናትየዋ ይጠጋል፤ አባትዬው ግን እሱንም አንሥቶ ከግድግዳ ጋር ያላትመዋል። ከዚያ ቆሞ እጆቹን ይመለከታል። እዚያ ላይ «እንዳትምረው» የሚል ተመልካች አላየሁም።

የሌሊት ተመልካች፦

ለሁላችሁም አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ «ዴዝ ዊሽ»ን ለአምስተኛ ጊዜ፣ በዚህ ጊዜ ድምፁን ሳልቀንስ አየሁት። የተባለው እውነት ነው፤ ሦስቱ ልጆች ከቤት ወጥተው ይሄዳሉ፣ ከዚያ በኋላ የሉም። አራት ጊዜ ያየሁትን ፊልም መጨረሻ ራሴ ጽፌለት ኖሬአለሁ፤ ያደነውን ሰው ሁሉ ጥፋተኛ ያደረግኩት እኔ ነኝ።

እህቴን ቁርስ ላይ ጠየቅኋት። ከዓመታት በፊት ይህን ፊልም አብራኝ አይታው ነበርና «የሚስቱን ገዳዮች በመጨረሻ ምን አደረጋቸው?» አልኳት። ጥቂት አሰበችና «ገደላቸዋ፤ እንዴት ረሳኸው?» አለችኝ።