ላስ ቬጋስ አካባቢ ላለ ቤት ፕላንቴሽን ሻተር ማስገጠም ያዋጣል?

ናቲ፣ ሔንደርሰን

ጤና ይስጥልኝ። ከላስ ቬጋስ አጠገብ ሔንደርሰን ውስጥ ቤት ገዝተን በቅርቡ ገብተናል። የቀድሞዎቹ ባለቤቶች የተዉልን የፕላስቲክ ብላይንዶች ግማሾቹ የተሰበሩ፣ ግማሾቹም ገመዳቸው የተቋጠረ ስለሆነ መቀየራቸው አይቀርም። ባለቤቴ በሁሉም መስኮቶች ላይ ነጭ ፕላንቴሽን ሻተር፣ ማለትም በማጠፊያ ከመቃኑ ጋር ተያይዞ እንደ በር የሚከፈተውንና ሰፋፊ አግድም ክንፎች ያሉትን መዝጊያ፣ ማስገጠም ትፈልጋለች። መልኩን እኔም ወድጄዋለሁ፤ ያሳሰበኝ ዋጋው ነው። ልክ የወሰደልን ሻጭ ሻተሩ ሙቀት ስለሚከላከል ወጪውን ከመብራት ሂሳብ ላይ ይመልሳል ብሎናል። ሳሎናችንና የልጆቹ መኝታ ክፍል ወደ ምዕራብ የዞሩ ሆነው በጁላይ ከሰዓት በኋላ መስታወታቸው እጅ ስለማያስነካ ይህ ንግግሩ ልቤን ሳያማልለው አልቀረም። በእርግጥ ያዋጣል? ከእንጨቱና ከፕላስቲኩስ የትኛው ይሻላል? ቀብድ ከመክፈሌ በፊት ያስገጠማችሁ ወይም በሥራው ላይ ያላችሁ ብትመክሩኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።

አናጺው፣ ዳላስ

አቶ ናቲ፣ እንኳን ለቤታችሁ አበቃችሁ። እንጀራዬ መስኮት ላይ መዝጊያ መግጠም ስለሆነ ሻተርን የማጣጥልበት ምክንያት የለኝም፤ ነገር ግን የሙቀት መከላከያ ነው ተብሎ ከሆነ የሚሸጥልዎ አይግዙት። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት እንደሚገልጸው በተለመደው ባለ ድርብ መስታወት መስኮት ላይ ከሚያርፈው የፀሐይ ብርሃን 76 በመቶ ያህሉ ወደ ውስጥ አልፎ ሙቀት ይሆናል፤ ሻተሩ የሚቆመው ደግሞ ከመስታወቱ በስተ ውስጥ ነው። ነጩ ቀለም ከፊሉን መልሶ ወደ ውጭ ቢያንጸባርቅም የቀረው ክንፎቹን አግሎ ቀስ በቀስ ወደ ክፍሉ ይለቀቃል። የምዕራቧ ፀሐይ ሌላም ጠባይ አላት፤ አዘቅዝቃ ስለምትመጣ ክንፎቹን አግድም ከፍተው ውጭውን ልይ ሲሉ በመካከላቸው ቀጥ ብላ ትገባለች። እሷን ለመከላከል ክንፎቹን ጥርቅም አድርጎ መዝጋት ግድ ይሆናል፣ ያን ጊዜ ክፍሉ በጠራራ ፀሐይ ይጨልማል። በደቡብ በኩል ባለ መስኮት ግን የቀትር ፀሐይ ከአናት ስለምትወርድ ክንፎቹን ጥቂት ማዘንበል ይበቃል፤ ሻተር የተከፈለበትን ያህል የሚያገለግለው እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

ስለ ቁሱ የጠየቁት አጭር መልስ አለው። እንጨቱ ብዙውን ጊዜ ባስውድ የሚባለው ቀላል እንጨት ሲሆን ለሰፊ መስኮት ይስማማል፤ የመታጠቢያ ቤት እንፋሎት ግን ያጣምመዋል። ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ውኃ አይፈራም፤ ሆኖም ከባድ ስለሆነ መዝጊያው በሰፋ ቁጥር ማጠፊያውን እየጎተተ ያዘነብላል።

ከቁሱ ይበልጥ ትኩረት የሚሻው የመስኮቱ ጥልቀት ነው። 3.5 ኢንች ስፋት ያለው ክንፍ አግድም ሲከፈት ግማሹ፣ ማለትም 1.75 ኢንቹ፣ ወደ መስታወቱ በኩል ይዘልቃል። መስኮትዎ በሚሽከረከር እጀታ የሚከፈት ከሆነ ክንፉ እጀታውን እየመታ ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል፤ ያን ጊዜ ሻተሩን ከመቃኑ አውጥቶ ግድግዳው ላይ በጥልቅ ክፈፍ መግጠም ያስፈልጋል፣ ይህም መልኩን ይለውጠዋል። ልክ የወሰደው ሰው ስለዚህ አንዳች ሳይተነፍስ ከሄደ ሌላ ሰው ያስለኩ።

እሙ፣ ላስ ቬጋስ

ወንድም ናቲ፣ አናጺው ያሉትን በቤቴ አይቼዋለሁ። እ.ኤ.አ. ጁላይ 7 ቀን 2024 ከተማችን 120 ፋራናይት በደረሰችበት ቀን፣ በውስጥ ሻተር ብቻ የነበረው የምዕራብ ክፍላችን ክንፎቹ ተዘግተው ሳሉ እንኳ እንደ ምድጃ ይግል ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚያ መስኮት ላይ ከውጭ በኩል የፀሐይ መረብ አስገጥመናል፤ ጥቁር ወንፊት የመሰለ፣ በክፈፍ የተወጠረ ጨርቅ ሲሆን ፀሐይዋን ገና መስታወቱ ሳይነካት ይይዛታል፣ ዋጋውም ከሻተሩ ጋር አይወዳደርም። ከውጭ የሚታይ ነገር ስለሆነ ግን የሰፈራችሁን የቤት ባለቤቶች ማኅበር ቀለሙን ጭምር ጠቅሳችሁ አስቀድማችሁ በጽሑፍ አስፈቅዱ።

ይህን ስል ሻተሩን እየነቀፍኩ አይደለም። ወደ መንገድ በሚያየው ሳሎን ያለው ከላይና ከታች ለየብቻ የሚንቀሳቀስ ስለሆነ የታችኞቹን ክንፎች ዘግቼ የላይኞቹን ከፍቼ እውላለሁ፤ ብርሃኑ ይገባል፣ አላፊ አግዳሚ ግን አያየንም። በመጋረጃ ይህን ማግኘት አይቻልም። ልጆች ስላሏችሁ ደግሞ የተቋጠረውን ገመድ ዛሬውኑ አስወግዱት፣ አንገት ላይ የሚጠመጠም አደገኛ ነገር ነው፤ ሻተር ገመድ የሚባል ነገር የለውም። አቧራው ግን የዚህ በረሃ ነገር ሆኖ ክንፉ ከቋሚው ጋር በሚገናኝበት ጥግ ይጋገራል፣ መጥረጊያም ስለማይደርስበት እርጥብ ጨርቅ በጣት ጠምጥሞ አንድ በአንድ ከማጽዳት በቀር መላ የለውም።

ጌታሁን፣ ሜሪላንድ

እኔ ለመኝታ ክፍሉ በሐሳብ እለያለሁ። ሻተር ቢዘጋም በክንፎቹ መካከልና በማጠፊያው በኩል ብርሃን ማስገባቱ አይቀርም፤ በጊዜ መተኛት ያለበት ልጅ ላለው ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የንብ ቀፎ የመሰለ ክፍልፋይ ያለው ሴሉላር ሼድ የሚባለው የጨርቅ መጋረጃ ብርሃን የማያሳልፈው ዓይነት ከተገዛ ያጨልማል፣ በክረምትም ሙቀት ይዞ ያቆያል። ሒሳቡንም አስቡት፦ 3 በ5 ጫማ የሆነ መስኮት 15 ካሬ ጫማ ነውና በካሬ ጫማ 30 ዶላር ቢባል ለአንዱ ብቻ 450 ዶላር ይወጣል። ትናንሽ መስኮቶችን ከእውነተኛ ስፋታቸው በላይ ቆጥረው የሚያስከፍሉ ሻጮችም ስላሉ የእያንዳንዱ መስኮት ዋጋ ለየብቻው ተጽፎ ይሰጣችሁ። ቤቱ ሲሸጥ ይመልሳል የሚለውን ወሬ እኔ ከቁም ነገር አልቆጥረውም።

ናቲ፣ ሔንደርሰን

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ከባለቤቴ ጋር ተመካክረን ሻተሩን ወደ መንገድ በሚያዩት መስኮቶች ብቻ ልንወስነው፣ በምዕራቡ በኩል ደግሞ መረቡን ልናስቀድም ተስማምተናል። አንድ ነገር ቀርቶኛል፤ ወደ ጓሮ የሚያወጣው ተንሸራታች የመስታወት በር ላይስ ሻተር ይሆናል?

አናጺው፣ ዳላስ

ይሆናል፤ ነገር ግን አልመክርዎም። በሐዲድ ላይ የሚንሸራተተው ዓይነት አንዱ በሌላው ላይ ስለሚደረብ ምንጊዜም የበሩን ግማሽ እንደሸፈነ ይቀራል፤ የሚታጠፈው ደግሞ ተሰብስቦ ወደ ክፍሉ ስለሚገባ አጠገቡ ሶፋ ማስቀመጥ አይቻልም፣ ሲታጠፍም የበሩን እጀታ እንዳይመታ ተጨማሪ ርቀት ይፈልጋል። ልጆች በቀን ብዙ ጊዜ በሚመላለሱበት በር ላይ ከሁለቱ አንዱንም ቢያደርጉ ሐዲዱ በአሸዋ መያዙ አይቀርም። በዘንግ የሚሰቀል ወፈር ያለ መጋረጃ ያድርጉበት፤ ዘንጉን ግን ከበሩ ስፋት በሁለቱም በኩል አስረዝመው ያስገጥሙት፣ መጋረጃው ሲሰበሰብ ግድግዳው ላይ ያርፍና መስታወቱ ሙሉ በሙሉ ይከፈትልዎታል።