የአውሮፓ ህብረት ሲሰፋ ከንቲባዎቹ ምን አገባቸው? (ሐሙስ ሴሚናር አለብኝ)

የማታ_ተማሪዋ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። ስድስት ኪሎ በማታው ማስተርስ እየተማርኩ ነው፣ በዕጣ የደረሰኝ ርዕስ «ህብረቱ ሲሰፋ ክልሎችና ከተሞች እንዴት ይዘጋጃሉ» የሚል ነው፣ መርጬው እንዳይመስላችሁ። አራት ኪሎ ካፌ ቁጭ ብዬ ሁለተኛ ማኪያቶዬን ጨረስኩ ግን አንድ ነገር አልገባኝም፣ አባል የሚሆነው አገር አይደል እንዴ? መሪው ይፈርማል ፓርላማው ያፀድቃል አለቀ። ከንቲባው ምኑን ነው የሚያዘጋጀው፣ ባንዲራ ሊሰቅል? ያገኘሁት ሁሉ አዲስ አገር ለመግባት ስለሚጠየቀው፣ በፈረንጆቹ 1993 ስለወጣው የኮፐንሃገን መስፈርት ነው፣ ዴሞክራሲ፣ የገበያ ኢኮኖሚ ምናምን። ስለ ከተማ ምንም። ባካችሁ የምታውቁ ጣል ጣል አድርጉልኝ፣ ሊንክ ወርውሮ የሚጠፋ ግን ይቅርብኝ።

ከቄራ_ማዶ፦
እህቴ ባንዲራውማ ቀላሉ ነው። እኔ ፖላንድ ነው የተማርኩት፣ እነሱ በፈረንጆቹ 2004 ከሌሎች 9 አገሮች ጋር ነው የገቡት፣ እኔ ስደርስ ገብተው ነበር ግን ወሬው አላለቀም። የዶርም ጓደኛዬ አባት ትንሽ የገጠር ከተማ ውስጥ የግል ቄራ ነበረቻቸው፣ ለገበያ አሳማ የሚያርዱባት (ይቅርታ ፆም ላይ ያላችሁ)። የህብረቱ የስጋ ህግ መጣና ከብቱ በሚገባበት ስጋው አይወጣም፣ ግድግዳው የሚታጠብ ይሁን፣ ማቀዝቀዣው ይመዝገብ ተባለ። ሽማግሌው ነጭ ሴራሚክ ገዝተው እየለጠፉ ወገብ ድረስ ሲደርሱ ብር አለቀባቸው። ለአንዳንዶቹ እስከ 2007 መጨረሻ ጊዜ ተሰጥቷል፣ እሳቸው ግን ተስፋ ቆርጠው ዘጉ። ሄጄ አይቻታለሁ፣ ከታች ነጭ ከላይ ሲሚንቶ ሆና ድንች ተከምሮባታል።

እና ያንን ህግ ቤታቸው ድረስ መጥቶ የነገራቸው ማን ይመስልሻል? ዋርሶ ያለ ሚኒስትር አይደለም፣ የወረዳው የእንስሳት ሐኪም ነው። ሐኪሙ ህጉን ቀድሞ ካላወቀው ሽማግሌው ከየት ያውቁታል? ብራስልስ ላይ የክልሎች ኮሚቴ የሚባል አላቸው፣ ከ1994 ጀምሮ፣ 329 አባል አለው፣ ከንቲባዎችና የምክር ቤት ሰዎች ናቸው፣ ከህብረቱ ህግ 70 ፐርሰንት ገደማው መሬት የሚወርደው በእኛ እጅ ነው ይላሉ። ሴሚናርሽን ከዚህ ጀምሪው።

የፍሳሽ_ኢንጂነር፦
ከላይ ያለው ጥሩ ብሏል፣ ግን ቄራ ትንሹ ነው፣ ትልቁ ፍሳሽ ነው። በ1991 ህግ አወጡ፣ ከ2000 ሰው በላይ የሚኖርበት ቦታ በሙሉ የፍሳሽ መስመር ይኑረው የሚል። ከሁለት ሺህ! እኛ ጋ የአንድ ኮንዶሚኒየም ሳይት ሰው ማለት እኮ ነው። ፖላንድ በአንዴ አልችልም ብላ እስከ 2015 መጨረሻ ቀጠሮ ተደራድራ ነው የገባችው።

ብሩን ህብረቱ ይሰጣል፣ ለደሃ ክልሎች እስከ 85 ፐርሰንት የሸፈነበት ጊዜ አለ፣ ቀሪውን እነሱ ይሞላሉ። ጉዱ ያለው አሰጣጡ ላይ ነው፣ ትንሽ ቅድሚያ ክፍያ ይለቀቅና ሌላውን መጀመሪያ ራስህ ትከፍላለህ፣ ከዛ ደረሰኝህን ሰብስበህ መልሱልኝ ትላለህ። እኔ አንድ በለጋሽ ብር የሚሰራ ፕሮጀክት ላይ ነበርኩ (የማን እንደሆነ ይቅር) የቧንቧ ደረሰኝ ላይ የአቅራቢው ቲን ቁጥር አንድ አሃዝ ተሳስቶ አራት ወር ቆመናል፣ ጉድጓዱ ተቆፍሮ፣ ክረምት ገብቶ፣ የሰፈሩ ሰው በየቀኑ እየሰደበን። ይሄ አንድ ደረሰኝ ነው። ስለዚህ የከተማ ዝግጅት ሲባል ጨረታ ማውጣት የሚችል፣ ፕሮጀክት የሚጽፍ፣ ኦዲት ሲመጣ ፋይሉን የሚያገኝ ሰው ማፍራት ማለት ነው። ከመግባታቸው በፊት የሚሰጣቸው ብር፣ ድሮ ፋሬ፣ ኢስፓ፣ ሳፓርድ ይባል የነበረው ከ2007 ወዲህ ኢፓ የሆነው፣ ግማሹ ጥቅሙ ለዚህ መለማመጃ መሆኑ ነው። ቡልጋሪያ በ2007 ገባች፣ በዓመቱ 2008 ላይ 220 ሚሊዮን ዩሮ የሚሆን ብር ቀረባት፣ አያያዛችሁን አላመንነውም ተብላ።

ፒያሳ_ተወልጄ፦
እናንተ ደግሞ ፍሳሽ ብቻ። ሊቱዌኒያን እዩ፣ በ2001 3.5 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ፣ በ2015 2.9 ሚሊዮን። ወጣቱ ለንደንና ደብሊን ገባ። ቱቦው ተቀበረ፣ በቱቦው የሚጠቀመው ሰው ግን አውሮፕላን ተሳፈረ። ይሄን ከንቲባ እንዴት ነው የሚዘጋጅበት?

ከቄራ_ማዶ፦
@ፒያሳ_ተወልጄ እሱ እውነት ነው፣ የዶርም ጓደኛዬ ራሱ አሁን ደብሊን ነው ሃሃ። ግን መውጣቱ የተጀመረው ከመግባታቸውም በፊት ነው፣ ሁሉንም ህብረቱ ላይ አትለጥፈው።

የማታ_ተማሪዋ፦
ኧረ እናንተ ሰዎች ዕድሜ ይስጣችሁ። ክልሎቹስ? መምህሩ «ክልልና ከተማ» ነው ያለው፣ ክልሉን ከዘለልኩ አለቀልኝ።

ከቄራ_ማዶ፦
ፖላንድ በ1999 49 የነበሩትን ክልሎች 16 አደረገቻቸው። ለህብረቱ ብቻ ብላ አይደለም፣ ስልጣን ወደታች ለማውረድም ነው፣ ግን ትላልቅ ክልል ሲሆን የልማት ብሩን ለመቀበል ይመቻል። እኛ ስንጨምር እነሱ ቀነሱ። ዋና ከተማነቱ የተነጠቀው ሁሉ ጮኸ፣ በአንዱ ክልል ባይድጎሽችና ቶሩን የሚባሉ ሁለት ከተሞች አልስማማ ብለው የመንግስት ተወካዩ አንዱ ጋ የክልሉ ምክር ቤት ሌላው ጋ ተቀመጠ። ደቡብ ምዕራብን አስታወሰኝ፣ ቦንጋ ተርጫ አማን ቴፒ ተብሎ እንደተከፋፈለው። አሁን ያለው ምሳሌ ከፈለግሽ ዩክሬን ናት፣ በ2022 እጩ ሆነች፣ ከዛ በፊት ግን በ2020 490 ወረዳዋን 136 አድርጋ ጨርሳለች።

ፒያሳ_ተወልጄ፦
እሺ እኔም አንድ ደግ ነገር ልስጥሽ። ጣሊያን ድንበር ላይ ጎሪዚያ የምትባል ከተማ አለች፣ ከድንበሩ ማዶ ደግሞ ስሎቬኒያ ውስጥ ኖቫ ጎሪካ። በመሃላቸው ባቡር ጣቢያ ፊት ለፊት አደባባይ አለ፣ ጣሊያኖቹ እንደኛው ፒያሳ ነው የሚሉት፣ ድንበሩ መሃሉን ሰንጥቆት አጥር ነበረበት። በ2004 ስሎቬኒያ ስትገባ አጥሩ ተነሳ፣ መሬቱ ላይ ምልክት ብቻ ቀረ። በ2025 ሁለቱ ከተሞች በአንድ ላይ የአውሮፓ የባህል ከተማ ነበሩ። አጥሩን ማንሳት የአንድ ቀን ስራ ነው፣ ሁለት ማዘጋጃ ቤት በሁለት ቋንቋ አንድ ቢሮ መክፈት ነው አበሳው።

የማታ_ተማሪዋ፦
መብራት ጠፋ እዚህ፣ ላፕቶፔ 9 ፐርሰንት ላይ ነው። በድንቿ ቄራ ልጀምር ወሰንኩ። @የፍሳሽ_ኢንጂነር የቲን ቁጥሩን ታሪክ ልጥቀስብህ ወይስ ትቀየማለህ?

የፍሳሽ_ኢንጂነር፦
ጥቀሺ፣ ስሜን ብቻ እንዳትጠሪ። ያ ቧንቧ ግን አሁን ይሰራል በያቸው።