ቀዝቃዛ አየር የሚስብ ቱቦ ማስገጠም ቤንዚን ይቆጥባል?

የሱሉልታው፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዋ ቪትዝ ናት፣ ባለ ኢንጀክሽን። ጠዋት ከሱሉልታ በአዲሱ ገበያ በኩል ስገባ ከሌላው ሰዓት ይልቅ ብዙ ቤንዚን ትበላለች። ከፊት መከላከያው ሥር ቀዝቃዛ አየር የሚስብ ቱቦ ባስገጥም ይቀንሳል ወይ? ካልሆነ መጀመሪያ ምን ላስፈትሽ?

ባለ ካንዴላ፦
ወንድሜ፣ ቱቦውን ተወው። ቀዝቃዛ አየር ጉልበት ይጨምራል እንጂ ነዳጅ አይቆጥብም። የሚገባው አየር ከ40 ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ በ10 በመቶ ገደማ ይታመቃል፤ የሞተሩ ኮምፒውተርም 14.7 እጅ አየር ለ1 እጅ ቤንዚን የሚለውን ልክ ለመጠበቅ ቤንዚን ይጨምራል። አንተ ግን የምትፈልገው ያንኑ ፍጥነት ስለሆነ ነዳጅ መስጫውን ላላ ታደርጋለህ፣ ትሮትሉ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገባበት በር) ይጠባል፣ ፒስተኖቹም በዚያ ጠባብ በር አየር ለመሳብ ጉልበት ያባክናሉ። ሞቅ ያለ አየር ሲገባ ትሮትሉ ሰፋ ብሎ ስለሚከፈት ብክነቱ ይቀንሳል። ልዩነቱ ትንሽ ነው፣ ግን አቅጣጫው ከሚነገርህ ተቃራኒ ነው። በዚያ ላይ ክረምት ሲገባ ዝቅ ብሎ የተገጠመ ቱቦ መንገድ ላይ የተኛውን ውሃ ይስባል። ውሃ ደግሞ አይታመቅም፤ ሲሊንደር ውስጥ ከገባ ቢየላውን (ፒስተኑን የያዘውን ዘንግ) ያጣምማል።

ኤሌትሪካል፦
ትክክል። ጠዋት የሚበላው ሞተሩ ስላልሞቀ ነው፤ ቤንዚኑ በደንብ ስለማይተን ኮምፒውተሩ ያበዛዋል። የሙቀት ሴንሰሮቹንም አስፈትሽ። መኪናዋ ካደረች በኋላ ሞተሩን ሳታስነሳ ቁልፉን ብቻ ክፈትና በስካነር የሞተሩን ውሃና የሚገባውን አየር ሙቀት አንብብ። ሁለቱም ከውጭው አየር ጋር መቀራረብ አለባቸው። አየሩ ከዜሮ በታች 40 ካለ ሽቦው ተቆርጧል ወይም ሶኬቱ ወልቋል፣ ስካነሩ የሚያሳየው የብልሽት ኮድም ፒ0113 ይሆናል። በብዙ ቶዮታዎች የአየር ሙቀት ሴንሰሩ ከአየር መጠን መለኪያው ጋር አንድ ላይ ነው፤ በኦም ሜትር ሲለካ 20 ዲግሪ ላይ ከ2.2 እስከ 2.7 ኪሎ ኦም ማሳየት አለበት። አቧራ ከያዘ ለእሱ በተሠራው ስፕሬይ ብቻ ይጸዳ። በኮምፕረሰር አታስነፋው፣ ቀጭኗ ሽቦ ትበጠሳለች።

ናፍታ፦
ለዶልፊን ሾፌሮች፦ ተርቦ ናፍታ ላይ ነገሩ ይለያል፣ ቀዝቃዛ አየር ይጠቅመዋል። ኢንተርኩለር (ከተርቦው የሚወጣውን አየር የሚያቀዘቅዝ) ካለው ከጭቃ አጽዱለት።

ቪትዟን በተመለከተ ቴርሞስታቱ (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳይሄድ የሚዘጋው) መኖሩን እይ፤ አውጥተው የሚጥሉት ብዙ ናቸው። ከተነሳች ጀምሮ የራዲያተሩን የላይኛ ቱቦ በእጅህ ዳስስ። ደህና ከሆነ ቱቦው ለደቂቃዎች ቀዝቅዞ ይቆይና ውሃው ወደ 80 ዲግሪ ሲደርስ ድንገት ይግላል። ከመጀመሪያው አንስቶ ቀስ በቀስ የሚሞቅ ከሆነ ክፍት ቀርቷል ወይም የለም ማለት ነው፤ የእንጦጦን ቁልቁለት ስትወርድ ሞተሩ መልሶ ይቀዘቅዛል፣ ቤንዚንም ማብዛቱን አያቆምም።