የኦርኪዴ እምቡጦች ሳይፈኩ እየረገፉ ነው፤ ምን ይሻላል?

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ሚኒሶታ ነው፤ ብርዱን ታውቁታላችሁ። ፋላኖፕሲስ የሚባለው ኦርኪዴ (ቤት ውስጥ የማሳድገው የአበባ ተክል) በመጸው አዲስ የአበባ ዘንግ አውጥቶ ነበር። የቤቱ ማሞቂያ ከተከፈተ ወዲህ ግን እምቡጦቹ ቢጫ እየሆኑ ይረግፋሉ። ቅጠሉ ጠንካራ ነው፤ ሥሩም ሲደርቅ ብርማ፣ ሲጠጣ አረንጓዴ ስለሚሆን የበሰበሰ አይመስለኝም። የማጠጣው በሳምንት አንዴ ለብ ባለ ውሃ ነው (በውሃ ፋንታ በረዶ አድርጉበት የሚሉ አሉ፤ ለሞቃት አገር ተክል አልደፈርኩም)። የአየሩ እርጥበት 25 በመቶ ብቻ ነው፤ ተክሉ ካለበት መስኮት ሥር ደግሞ ራዲያተር (የቤቱ ማሞቂያ) አለ።

የሞከራችሁ ካላችሁ ንገሩኝ፦ እርጥበት እንዲያገኝ ጠጠርና ውሃ ያለበት ትሪ ላይ ማስቀመጥ ይበቃዋል ወይስ የአየር ማርጠቢያ ማሽን ልግዛ? ከራዲያተሩ ባርቀውስ፣ ቦታ መቀየሩ ራሱ የቀሩትን እምቡጦች ያረግፋቸው ይሆን?