ቤቱን ዕቃ ሞላው፣ ከየት ልጀምር?

የሁለት ልጆች እናት፦
ሰላም ቤተሰብ። ባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው የምንኖረው። ሳሎኑን ግማሹን ቡፌው ይዞታል፤ ውስጡ ለእንግዳ ተብሎ ከሠርጋችን ወዲህ ያልተነካ ብርጭቆ ሞልቷል። በረንዳው ላይ የዘይት ጀሪካን፣ የተሰበረ ወንበር፣ የተበላሸ ምጣድ። ልጆቼ መጫወቻ ቦታ አጡ። ቀለል ያለ ኑሮ በጣም ናፍቆኛል፣ ግን ልጀምር ስል ወኔ ይከዳኛል። እናንተን ምን አነሳሳችሁ?

መልስ 1፦
እህቴ፣ ከበረንዳው ጀምሪ። «ቆራሌው» ሲል ጥሪው፣ ብረቱንና ጠርሙሱን ይወስድልሻል፤ ብሩ ቢያንስም አትከራከሪ፣ ትርፍሽ ቦታው ነው። ልብስ ግን ለልዋጭ እንዳትሰጪ! በምትኩ ሳፋና ኩባያ ይዘሽ ነው የምትገቢው፣ ያው ሌላ ዕቃ። ደህና ደህናውን አጥበሽ ለመቄዶንያ ስጪ።

መልስ 2፦
እኔን ያነሳሳኝ ገጠር ያለው የአያቴ ቤት ነው። መደብ፣ ጋን፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ሰፌድና ወንፊት፣ አለቀ። እዚያ ቤት ያለ ሥራ የተቀመጠ ነገር አይታይም፣ እንግዳ በመጣ ቁጥርም ሁሌ ቦታ አለ። ብርጭቆዎቹን ዛሬውኑ አውጪያቸውና ከልጆችሽ ጋር ጠጪባቸው፣ ከነሱ የሚበልጥ እንግዳ የለም።

መልስ 3፦
በሁሉም እስማማለሁ፣ ግን ጀሪካኑን ሙልጭ አድርገሽ እንዳትሰጪ፣ ውሃው በፈረቃ ነው። ሁለት ሦስቱን አስቀሪ። ምጣዱንም መጀመሪያ ጠጋኝ ይየው፤ ብዙ ጊዜ የሚቃጠለው ሽቦው ብቻ ነው፣ ይቀየራል።