የብሽሽት ደም ስር ባይፓስ ያሠራ ሰው አለ?

ጠያቂ (መሐል ሜዳ)፦ ሰላም ቤተሰብ። አባቴ ጡረታ የወጣ ሾፌር ነው። ዳገት ሲወጣ ባቱን ጨምድዶ እየያዘው ይቆማል። አሁን ደግሞ ብሶበት እግሩን ከአልጋ አውርዶ ካላንጠለጠለ እንቅልፍ የለውም። አዲስ አበባ ሪፈር ተጽፎለት ሄድን፣ ብሽሽቱ አካባቢ ያለው ደም ስር ስለተዘጋ ባይፓስ (የተዘጋውን አልፎ ደም የሚሄድበት ሌላ መንገድ በቀዶ ሕክምና መቀጠል) ይሠራለት አሉን። እሱ ግን «ቢላ አልነካም» ብሏል። ውጤቱ እንዴት ነው? ስንት ዓመትስ ይቆያል?

መልስ 1፦ ነርስ ነኝ፣ ደብረ ብርሃን። ሲያንጠለጥለው የሚቀለው ደሙ ቁልቁል ስለሚወርድለት ነው። እዚህ ከደረሰ መጠበቁ እግሩን እስከማስቆረጥ ሊያደርስ ይችላል፣ ደግሞ አዲስ ሙከራ እንዳይመስለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ የሚሠራ ነው። ቁም ነገሩ በምን ይቀጠላል የሚለው ነው። ከራሱ እግር በሚወሰድ ደም መልስ (ደም ወደ ልብ የሚመልስ ስር) ከሆነ ከ10 ሰው በ7ቱ ገደማ ከ5 ዓመት በኋላም ደም ያሳልፋል። ሰው ሠራሽ ቱቦ፣ በተለይ ከጉልበት በታች ከወረደ፣ ቶሎ ይዘጋል። ስለዚህ ደም መልሱ በአልትራሳውንድ ታይቶ እንደሆነ ጠይቁ።

መልስ 2፦ እናቴ ተሠርታ ነበር። የሌሊቱ ሕመም ወዲያው ነው የለቀቃት። እኛን ያስመረረን የብሽሽቱ ቁስል ነው፣ ቦታው እጥፋት ስለሆነ ይረጥባል፣ ስኳርም ስላለባት መግል ያዘ። በየቀኑ እያጠባችሁ ደረቅ ፋሻ አድርጉለት። እግሯም አብጦ ነበር፣ ሐኪሙ የሚጠበቅ ነው ብሎ አረጋጋን።

መልስ 3፦ አባትህ ያጨሳል? ካላቆመ የተቀጠለው የመዘጋት ዕድሉ ሦስት እጥፍ ገደማ ነው። አስፕሪኑንና የኮሌስትሮል መድኃኒቱን «ተሽሎኛል» ብሎ እንዳይተው። የመንዝ ብርድ የታወቀ ነው፣ ግን እግሩን ከሰል ምድጃ ዳር እንዳታደርጉት፣ የደነዘዘ እግር ሲቃጠል አይሰማም። የሱፍ ካልሲ ይበቃዋል። ድንገት ከቀዘቀዘ፣ ከነጣ ወይም ከደነዘዘ ደግሞ ቀጠሮ ጠብቁ የሚላችሁን አትስሙ፣ መንገዱ ሩቅ ነውና በዚያው ሌሊት ይዛችሁት ውጡ።

ጠያቂ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስለ ደም መልሱ ማንም አልነገረንም፣ ሰኞ እጠይቃለሁ። አዎ ያጨሳል፣ እኔን ስለማይሰማኝ የነርሷን መልስ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ 😅