የአድማ ድምፅ፦ ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበውን ሐሳብ እናብስል

ጸሐፊ፦ ሰላም ለሁላችሁም። ማኅበራችን ከፋብሪካው ጋር የያዘው የኅብረት ስምምነት፣ ማለትም የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ውል፣ ድርድር የት ላይ እንደቆመ ታውቃላችሁ። የጋራ ሐሳባችንን እዚሁ አብስለን ለጉባኤው እናቅርብ። ረቂቄ ይኼ ነው፦ «በአስማሚ (እኛንና አሠሪውን በሚያቀራርብ ሦስተኛ ሰው) የሚደረገው ጥረት ካልተሳካ፣ ሥራ አስፈጻሚው አድማ እንዲጠራ አባላት በምስጢር ድምፅ ይወስኑ።» አንድ ነገር ከወዲሁ ይያዝልኝ። ድምፅ ሰጠን ማለት በማግስቱ ማሽን ቆመ ማለት አይደለም። ድምፁ ተደራዳሪዎቻችን አባሉን ተማምነው እንዲቀመጡ ያደርጋል። አድማው ሊመጣም ላይመጣም ይችላል።

ከሽመና ክፍል፦ ጋሼ፣ ይኼ ሁሉ ወረቀት ለምን? እጃችንን እናውጣና ይለቅ። ኧረ እሱም ይቅር፤ ዝም ብለን ማሽኑን ቀስ እያደረግን እንሥራ። ማን ምን ይለናል?

ጸሐፊ፦ ወንድሜ፣ እሷን ነገር ከጭንቅላትህ አውጣት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አድማ ማለት ሥራ ማቆም ብቻ አይደለም። አሠሪን ለማስገደድ ተባብሮ ምርት መቀነስም አድማ ነው። ያለ ድምፅና ያለ ማስጠንቀቂያ ከጀመርነው ጥፋቱ የእኛ ይሆናል። የድምፁን ነገር ደግሞ አዋጁ ቁጥር አስቀምጦለታል። ከማኅበሩ አባላት ቢያንስ ሁለት ሦስተኛው በተገኙበት ስብሰባ፣ በአብላጫ ድምፅ መደገፍ አለበት። 600 አባል ያለው ማኅበር 400 ሰው መሰብሰብ አለበት። 399 መጥተው ሁሉም እሺ ቢሉ ዋጋ የለውም።

ከማጠናቀቂያ ክፍል፦ የእኔም ጭንቀት እሱ ነው። አንዱ ፈረቃ ሲወጣ ሌላው ይገባል፣ የሌሊቱ ተኝቷል። ባለፈው ጉባኤ ሰርቪሱ ጥሩንባ ሲነፋ አዳራሹ ባዶ ሊቀር ምንም አልቀረው። ሐርቡ ከተማ ለምትገባ ሴት ሰርቪስ አመለጣት ማለት በማታ ሚኒባስ ፍለጋ ነው። ዓርብ ጁምዓ አለ፣ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ። እሑድ ከሰዓት በኋላ ይሁን። ልጅ ያላትም ይዛ ትምጣ፤ ቡናውን እኛ እናፈላለን፣ አብሽሩ።

ከሽመና ክፍል፦ ታዲያ ሳጥኑን በየፈረቃው ብናዞረውስ?

ጸሐፊ፦ ቀላል ይመስላል፣ እኔ ግን አልወደድኩትም። ሕጉ የሚለው ስብሰባ ነው። ሳጥን ካዞርን የአሠሪው ጠበቃ «ስብሰባው የታለ?» ብሎ ይጀምራል። እሑድ ከሰዓት የሚለውን ወስጃለሁ። በር ላይ ፊርማ፣ ቃለ ጉባኤ ላይ ቁጥሩ።

ከቦይለር፦ እኔ እሳት ለቅቄ አልወጣም፤ ይኼ ይጻፍልኝ። ቦይለር ዝም ብለው ጥለውት የሚሄዱት ነገር አይደለም። ማቅለሚያው ጋም ኬሚካል አለ። በአድማ ጊዜ ማን እንደሚጠብቅ በየፈረቃው ስም ይውጣ።

ጸሐፊ፦ ገብቷል። የደህንነት ጥንቃቄው እንዳይጓደል ሕጉም ያዛል። ጠብና ዛቻም ክልክል ነው። መግባት የፈለገውን ሠራተኛ በር ላይ የሚተናኮል ሰው እንዳናይ።

ሒሳብ ያዥ፦ የገንዘቡንም ሳናድበሰብስ እንናገር። ደመወዝ የሚከፈለው ለተሠራ ሥራ ነው። በአድማው ቀናት ምንም አንጠብቅ። የቤት አከራይ አድማ አያውቅም። ይኼን ሰው ድምፅ ከመስጠቱ በፊት ይስማው፤ ከሰጠ በኋላ መንገር ማታለል ነው። መዋጮው ከአሁኑ ይጀመር፣ ከእድር ገንዘብ ጋር ግን አይቀላቀል።

ነባር አባል፦ ልጆቼ፣ የወሎ ሰው ስንት የደም ነገር በአባጋር፣ በአገር ሽማግሌ እርቅ፣ የፈታ ነው። ለምን ሽማግሌ አንልክም?

ጸሐፊ፦ አባባ፣ ይላክ እንጂ! ማን ይጠላል። ግን በሕጉ ቀን የሚያስቆጥረው አስማሚው ነው። እሱ በ30 ቀን ካልቻለ ጉዳዩ የአሠሪና ሠራተኛ ክርክር ወደሚዳኘው ወሳኝ ቦርድ ሊሄድ ይችላል። ቦርድ ከገባ ደግሞ ውሳኔ ሳይሰጥ ወይ 30 ቀን ሳይሞላ አድማ መጀመር አይቻልም። አድማ ከተጠራም ለአሠሪውና ለሠራተኛ ጉዳይ ቢሮው ምክንያቱን ጽፈን ከ10 ቀን በፊት እናሳውቃለን። ሽማግሌዎቹ በዚህ መሀል ይሥሩ።

ከማጠናቀቂያ ክፍል፦ ወንድሜ ደሴ ውኃ አገልግሎት ነው የሚሠራ። እነሱም እንደኛ ይችላሉ?

ጸሐፊ፦ አይችሉም። ውኃ፣ መብራት፣ ሆስፒታል፣ ቴሌ፣ አየር መንገድ አድማ አይፈቀድላቸውም። ክርክራቸውን ጊዜያዊ ቦርድ ያየዋል።

ከሽመና ክፍል፦ ቆይ፣ እሺ ብለን ከመረጥን በኋላ ቢያባርሩንስ?

ጸሐፊ፦ የማኅበር አባል መሆንና በማኅበሩ ሕጋዊ ሥራ መሳተፍ ለማሰናበት ምክንያት አይሆንም። ቆጠራው ላይ የምጨቃጨቀው ለዚህ ነው። አንዷን እርምጃ ከዘለልን ይኼ ጥላ ከላያችን ይነሳል።

የተስተካከለው ረቂቅ፦ «ስብሰባው እሑድ ከሰዓት ይደረግ፤ የሰርቪስ ወጪውን ማኅበሩ ይሸፍን። ደመወዝ እንደማይኖር ከድምፁ በፊት ይነገር። ድምፁ በምስጢር ይሁን። የቦይለርና የማቅለሚያ ጠባቂዎች ዝርዝር ከውሳኔው ጋር ይያያዝ።»

ከማጠናቀቂያ ክፍል፦ ወረቀቱ ባለ ሁለት ቀለም ይሁን። ማንበብ የማይችል ሰው «አንብብልኝ» ካለ ምስጢሩ ቀረ።

ሒሳብ ያዥ፦ እኔ አንድ ልጨምር። ከፋብሪካው የለቀቁ ሰዎች ስም እስካሁን መዝገባችን ላይ አለ። ሁለት ሦስተኛው ከእነሱ ጋር ከተሰላ፣ የሌለ ሰው ስንጠብቅ ልንወድቅ ነው። ከወርሃዊ መዋጮ ዝርዝሩ ጋር አመሳክሬ፣ የጠራውን መዝገብ ከጥሪው በፊት ለሥራ አስፈጻሚው አቀርባለሁ።